ከጠማማው በቀር ምንም አልነካሁም

ጠማማ ነገር ሳይ እጄን ያሳክከኛል። በሽታ ይሆን እንዴ ብዬ ለሐኪም ልነግረው አስቤ አውቃለሁ፤ ለጉልበቴ የሄድኩ ዕለት። ሐኪሙ እስኪመጣ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ወረቀቶች በየመጠናቸው ደረደርኩለትና፣ ለጉልበቴ ሄጄ የጥርስ ቀጠሮ ይዤ ተመለስኩ። የቀሩኝ ጥርሶች አራት ናቸው። አራቱም ቀጥ ብለው የቆሙ፣ አልሐምዱሊላህ።

ከዚያ በፊትም የጫማው ነገር ነበር። ጓደኛዬ መርዲያ የልጅ ልጇን ስትድር የአፎቻችን ሴቶች በሙሉ ተሰብስበን ነበር። አፎቻ ማለት በደስታም በሐዘንም አብረን የምንቆምበት ማኅበራችን ነው። በሩ ላይ ጫማው እንደ ጎርፍ ትርፍራፊ ወድቋል። አንዱ ባንዱ ላይ፣ አንዱ አፉን ደፍቶ፣ አንዱ ሰማይ እያየ። አላስቻለኝም። ከነጭ ጀምሬ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ጥቁር አድርጌ ደረደርኩት። ልክ አለላ! እኔ እንኳን ዞር ብዬ ሁለቴ አየሁት። ሰው ግን ጫማውን በመልኩ ሳይሆን ባወለቀበት ቦታ ነው የሚያውቀው ለካ። ስንወጣ የሆነውን አልነግራችሁም። አንዷ ሴትዮ ሁለቱንም የግራ ተጫምታ ከከተማ ውጭ ሶፊ ድረስ መሄዷን ብቻ ልንገራችሁና ይብቃኝ።

ከዚያ ተማርሽ ወይ ብትሉኝ፣ ተምሬማ ቢሆን ይህን ወግ ከየት አመጣው ነበር?

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ሲቆጥሩ ከጎናቸው ስፌቴን ይዤ ተቀምጬ ነው። እነሱ ሀ ሲሉ እኔ በወስፌዬ እወጋለሁ፤ ሁ ሲሉ አለላውን እስባለሁ። ስለዚህ ፊደሉ የገባኝ በጣቴ በኩል ነው መሰለኝ፣ እስከ ዛሬ ሳነብ ጣቴ ይንቀሳቀሳል። የፈረንጁን ፊደል ግን አንዱንም አላውቀውም። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

ቤታችን ፈላና በር አጠገብ ነው፣ ከግንቡ ውስጥ። የድሮ ቤት ነው። ስትገቡ መቀመጫው አንድ ወጥ አይደለም፤ ደረጃ ደረጃ አለው። ነደባ እንለዋለን። ከፍ ያለው አሚር ነደባ የቤቱ ጌታ ወይም የከበረ ሰው ይቀመጥበታል፣ ሰፊው የዘመድ ወዳጅ ነው፣ በሩ አጠገብ ያለው ዝቅተኛው የልጅና የሚቸኩል ሰው ነው። ማንም ማንንም «እዚህ ተቀመጥ» አይለውም፤ እግሩ ራሱ ያውቀዋል። ግድግዳው ላይ ደግሞ ሰሃኑና ስፌቱ የተሰቀለው እናቴ በሰቀለችበት ነው። አንዷ ሙዳይ ብትዘነበል በእንቅልፌም ይሰማኛል።

በዚህ ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር የምትኖረው የልጄ ልጅ ራሒማ ናት። ከሕፃንነቷ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ተምራ ተመረቀች፣ ተመርቃም ሰፊው ነደባ ላይ ላፕቶፗን ታቅፋ ቁጭ አለች። ሰፈሩ «ሥራ ፈታች» ይላል። እኔ ደግሞ ጠየቅኳት።

«ምንድነው የምትሠሪው፣ ልጄ?»

«ኡማ» አለችኝ፤ የእኛ ሰው አያቱን እንዲህ ነው የሚጠራት። «አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አለ እንበል።»

«እንበል።»

«ውስጡ ሌላ ኮምፒውተር እናስቀምጣለን። በእጅ የሚነካ አይደለም፤ በፕሮግራም የተሠራ ነው። ግን ራሱን የቻለ ሙሉ ኮምፒውተር ይመስለዋል። ትልቁን አስተናጋጅ እንለዋለን፣ የውስጠኛውን እንግዳ።»

«እንግዳ መሆኑን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«የሚበላውን ማን ያቀርብለታል?»

«አስተናጋጁ ነዋ።»

«ይኸማ አጎትሽ ነው!» አልኳት። አጎቷ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። በየዒዱ ይመጣና አሚር ነደባ ላይ ወጥቶ፣ እኔን በገዛ ቤቴ «ግቢ፣ አረፍ በይ እንጂ» ይለኛል።

ሥራው ኦፕን ሶርስ የሚሉት ነው። አንድ ጌታ የለውም፤ በየአገሩ ያለ ሰው እየተዋጣ የሚሠራው። ይህ አልቸገረኝም፤ አፎቻ ነው። አንዷ ድስት ታመጣለች፣ አንዷ እንጨት፣ አንዷ ምላስ። ፕሮግራሙን ለሚጠቀም ሰው የተጻፈ ትልቅ መመሪያ አለው፣ እሱንም ብዙ ሰው ነው በየጊዜው የጻፈው። አንዱ ርዕሱን ከሥር ያሰምራል፣ አንዱ ከላይም ከታችም። አንዱ ባዶ መስመር ይተዋል፣ አንዱ አየር ያሳጣችኋል። ሲያዩት የድግስ ማግስት ነው። የራሒማ ሥራ ያንን ማስተካከል ነበር። ከማን እንደወረሰችው አልናገርም።

የመመሪያውን በር የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ አለ፣ ብርድ አገር። ፊቱን አይተን አናውቅም፤ በጽሑፍ ነው የሚመጣው። እሱ አላት፦ «በየቦታው የተበተነውን የእንግዳና የአስተናጋጅ ትእዛዝ በአንድ ምዕራፍ ሰብስበሽ፣ አስተካክለሽ እስከ ሐሙስ መግሪብ ካስገባሽ የመመሪያው ጠባቂ አንቺ ትሆኛለሽ። ሥራው ከቤትሽ ሆነሽ የምትሠሪው ነው።» መግሪብ፣ የፀሐይ መጥለቂያው ሶላት ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ በሰዓት ነው የጻፈው።

ካልሆነስ? ካልሆነ አጎቷ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶላታል፣ ቅዳሜ ትሄዳለች። ሻንጣዋ ከደረጃው ሥር ከቆመ ሁለት ሳምንቱ ነው። አንድ ጎማው ተሰብሯል፣ ጠማማ ነው የቆመው። በቀን አሥር ጊዜ በአጠገቡ አልፋለሁ። እሱን ግን አልነካሁትም። ያቃናሁት እንደሆነ ተነሥቶ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ አጠገቧ ቁጭ እልና አያለሁ። አንድ ቀን «ያቺ መስመር በአንድ የወስፌ ጉድጓድ ከጓደኛዋ ወጣ ብላለች» አልኳት። አየች፤ እውነት ነው።

«ኡማ! ፊደሉን ሳያውቁት እንዴት አዩት?»

«ስፌት ይነበባል እንዴ? ይቆጠራል እንጂ።»

ከዚያ ወዲያ ሠራተኛ ሆንኩ። እኔ በጣቴ እጠቁማለሁ፣ እሷ ታጠፋለች። ክፍተት የምታጠፋው ቁልፍ የትኛዋ እንደሆነች ሳላስበው አወቅሁ። ወደ ሽማግሌው ሲላክ ደግሞ የመጨረሻውን የምጫነው እኔ ነኝ፤ «የእርስዎ እጅ በረካ አለው» ትለኛለች። ቀስቷን ወደ ላይ አንዴ፣ ትልቋን ቁልፍ አንዴ፣ ቢስሚላህ። ሄደ።

ሐሙስ ደረሰ። ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ራሒማ ምዕራፉን ጨረሰች፤ ግን የላፕቶፑ ቻርጀር ኤረር በር ያለው ሠራተኛ ዘንድ ለጥገና ተሰጥቶ ነበር።

«ኡማ፣ ሮጬ ላምጣው። አንዴ አይቼ ነው የምልከው። ትርፍ ክፍተት ካዩ ይቁጠሩልኝ።»

«እቆጥራለሁ።»

«ይቁጠሩ ብቻ ነው ያልኩት።»

«ሰማሁ አንቺ ልጅ!»

ሄደች። ቤቱ ጸጥ አለ። ፀሐይዋ በበሩ ገብታ ቀዩን ወለል ይዛ ቀስ እያለች ወደ ነደባው ትወጣለች። የሩቅ ባጃጅ፣ የሩቅ ልጅ፣ አንዲት እርግብ። መቁጠር ጀመርኩ። አንድ መስመር አራት ጉድጓድ ገባ ብላለች፣ ቀጣይዋ ስምንት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስምንት፣ ስምንት፣ አራት… ይህን እየቆጠረ ያላንቀላፋ ሰው ካለ ያሳየኝ።

በሕልሜ በስክሪኑ ገባሁ። ውስጡ ግንብ አለ፣ ግንቡ በር አለው፣ እንደኛው በር። ገባሁ። ጠባቡ መንገድ የኛ ነው፣ ቤቱ የኛ ነው፣ ውስጡ አንዲት አሮጊት ነደባ ላይ ቁጭ ብላ ስክሪን እያየች ታንቀላፋለች። «እንግዳዋ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?» ልላት ስል ፈራሁ። አታውቅማ! ተረጋግታ ተኝታለች፣ የሰው ቤት መሆኑን ብነግራት ምን ትሆናለች? ዝም ብዬ ነጠላዋን አስተካከልኩላትና ወጣሁ።

ስነቃ ያ ነጠላ የማስተካከል እጅ ገና እጄ ላይ ነበር። ስክሪኑን አየሁት፤ ወይ አላህ! መስመሩ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ፣ እንደ ሰካራም ደረጃ። ልጄ ደክሟት ነው አልኩ። በዚህ ሁሉ ትርፍ ክፍተት ሽማግሌው ይመልስባታል፣ ቅዳሜ ትሄዳለች። ቁልፏ ደግሞ እዚያው ናት፣ አውቃታለሁ።

አንዷን መስመር ወደ ግራው ጠርዝ፣ ወደ ግድግዳው አስጠጋኋት። እንዴት አማረች! ሁለተኛዋን። ሦስተኛዋን። በዚህ መሐል መርዲያ ያለ ኮቴ ገባች።

«አሰላሙ አለይኩም። ምን እየሠራሽ ነው?»

«ወአለይኩም ሰላም። ቤት እያጸዳሁ።»

አጠገቤ ተቀምጣ አንገቷን አሰገገች። መርዲያ የስፌት ጓደኛዬ ናት፤ አርባ ዓመት አብረን ሰፍተን አንድ ቀን «ጎሽ» ብላኝ አታውቅም።

«ያቺን ተውሻት።»

«እደርስባታለሁ።»

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል። በእኔ እጅ ብትሠሪው ይሻል ነበር።»

«አንቺማ የጫማው ጊዜ የት ነበርሽ?»

«ጫማዬን ፍለጋ ላይ!»

እየተሳሳቅን ሁሉንም ከግድግዳው አስጠጋናቸው። መጨረሻ ላይ ራቅ ብለን አየነው። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ ጥርስ። መርዲያ «ደህና ነው» አለች። ከእሷ አፍ ይህን መስማት ሐጅ የመሄድ ያህል ነው።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ራሒማ ናት።

«ኡማ፣ ሠራተኛው አልጨረሰውም፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው! የተዘጋጀ ነው፣ ይጫኑልኝና ይሂድ። ምንም አልነኩም አይደል?»

«ከጠማማው በቀር ምንም አልነካሁም» አልኩ። ወላሂ ነው ያልኩት። ባጃጁ ሲንጫጫ ሰማችኝ አልሰማችኝ እንጃ።

ቀስቷን ወደ ላይ አንዴ፣ ትልቋን አንዴ። ቢስሚላህ። ሄደ።

ራሒማ ቻርጀሯን ይዛ የአስር፣ የተሲያቱ ሶላት ሲሰገድ መጣች፣ ሰካችው፣ አየች። ስክሪኑ ቀይ ነው። የሚላከውን መጀመሪያ የሚመረምር ማሽን አላቸው፣ እሱ ሁሉንም በቀይ መልሶታል። ከሥሩ ሽማግሌው አንድ መስመር ጽፏል። ቀስ ብላ በአማርኛ አነበበችልን፦ «እዚህ ላይ ማን አስተናጋጅ፣ ማን እንግዳ እንደሆነ አይታወቅም።»

  ሄዳ በሩ አጠገብ፣ ዝቅተኛው ነደባ ላይ ቁጭ አለች፣ የሚቸኩል ሰው ቦታ። ዓይኗ ሻንጣው ላይ ነው። መርዲያ ነጠላዋን ሰብስባ «ውሃ ጥጄ ነው የመጣሁት» ብላ ወጣች። ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው።

«ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ኡማ፣ ገባ ያለው ሁሉ ጠማማ አይደለም። ቦታው ነው። አራት የገባው ለአስተናጋጁ የሚታዘዝ ነው፣ ስምንት የገባው ለእንግዳው። ያልገባው ዝም ብሎ ወሬ ነው። አሁን ሁሉም ወሬ ሆነ።» ከዚያ የተቀመጠችበትን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። «ነደባውን ሁሉ ከመሬት እኩል አድርገው ደለደሉት።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ላፕቶፑ ፊት ቁጭ አልኩ። ነደባ የሌለበት ቤት ታየኝ። ሰው ሲገባ ቆሞ የት እንደሚቀመጥ ሲጠፋው፣ ሽማግሌው ከሕፃን ጋር ሲጋፋ፣ አጎቷ ያለ ቦታው… እሱስ ድሮም ያለ ቦታው ነው።

«የፊተኛው ቅጂ የለም?»

«የዚህ ምዕራፍ የለም። ዛሬ ነው ከሃያ ቦታ ለቅሜ የሰበሰብኩት። እንደገና ልልቀም ብል መግሪብ አይጠብቀኝም።»

 ፀሐይዋ አሚር ነደባ ላይ ወጥታ ተቀምጣለች፤ እሷ እንኳ ቦታዋን ታውቃለች። ጣቴ ሲንቀሳቀስ አየሁት። አራት፣ ስምንት፣ አራት፣ ስምንት፣ ስምንት፣ አራት። ስፌት የሰፋ ሰው የፈታው ስፌት ከእጁ አይወጣም። ዓይኑ ይረሳዋል፣ እጁ ግን ይዞት ይተኛል።

«ራሒማ፣ ነይ። የመጀመሪያዋን አራት አስገቢ።»

«ኡማ…»

«ነይ ነው የምልሽ! ቀጣይዋን ስምንት።»

መጣች። መጀመሪያ እኔን ለማስደሰት ነበር። አሥር መስመር ስንደርስ ፊቷ ተለወጠ፣ ሃያ ስንደርስ ጣቷ ፈጠነ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እቆጥራለሁ፣ እሷ ታስገባለች። አንዳንዶቹ ትእዛዞች ፊት ላይ ምልክት አለ። የአስተናጋጁ ወንፊት የመሰለች፣ የእንግዳው ዘንግ ላይ የተጠመጠመ እባብ የመሰለች። እሷ በምልክቱ፣ እኔ በእጄ፤ ሁለታችን እኩል እንሄዳለን።

«ስምንት» አልኩ።

«ይቺኛዋስ አራት ናት፣ ኡማ። ወንፊት አላት። ተሳስተዋል።»

«ስምንት ነበረች።»

«ምልክቷ እኮ የአስተናጋጅ ነው!»

«ምልክቷን አላውቅም። የተቀመጠችው ግን ከእንግዶቹ ጋር ነው። ከላይዋም ከታችዋም ስምንት ነበሩ። አርባ ዓመት ሰፍቻለሁ፣ አንድ ጉድጓድ አልሳትኩም።»

ልትከራከረኝ አፏን ከፈተችና መስመሯን አነበበች። ደግማ አነበበች። ተነሥታ ቆመች።

«ምንድነው?»

«ይቺ ትእዛዝ ‹ያለውን ሁሉ አጥፍተህ አዲስ አዘጋጅ› ነው የምትለው። ለእንግዳው ናት፤ ምልክቷ ነው የተሳሳተው። ወንፊቷን አይቶ የሚያምን ሰው የእንግዳውን ክፍል አጸዳለሁ ብሎ የገዛ ቤቱን ያፈርሳል!» የድሮውን ገጽ ከፍታ አየች። እዚያም እንዲሁ ነው። ስንት ዓመት ስንት ሰው አንብቦ አልፏታል። ሁሉም ምልክቷን ነው ያየው፣ የተቀመጠችበትን ማንም አላየም።

ወንፊቷን አንሥታ እባቧን አደረገችላት። የቀሩትን ጨረስን። ፀሐይዋ ከነደባው ወርዳ በሩ ላይ ደርሳለች፣ ጫማዋን የምትፈልግ ይመስል።

«ይጫኑ» አለችኝ።

«እኔ? አስተግፊሩላህ! ከእንግዲህ እጄ—»

«በረካው ከእርስዎ ነው ኡማ። ቶሎ!»

ቀስቷን አንዴ፣ ትልቋን አንዴ። ቀዩ አረንጓዴ ሲሆን የመግሪብ አዛን ተጀመረ። ማን እንደቀደመ አልምልም።

ሽማግሌው ወዲያው አልመለሰም። ሰገድን፣ በላን፣ ራሒማ ሻንጣው ላይ ሁለት ልብስ ጨመረች። እኔ አላየሁም ብዬ ግድግዳውን አያለሁ። ከዚያ ላፕቶፑ ድምፅ አሰማ።

«ምን ይላል?»

«‹ምዕራፉ ገብቷል› ይላል።» ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። «‹ከሰኞ ጀምሮ መመሪያው በእጅሽ ነው። ያቺን የተሳሳተች መስመር ግን ማን ነው ያያት?› ይላል።»

«ምን ልትዪው ነው?»

«እውነቱን።» ጻፈች። መጀመሪያ ሁሉን ያፈረሰው ማን እንደሆነም ጻፈች መሰለኝ፣ ብዙ ነው የጻፈችው። መልሱ የሚስቅ ፊት ተስሎበት መጣ። ያየ ሰው ስሙ ከሥር ይጻፋል፣ ደንባችን ነው፣ ይላል። «የአያትሽን ስም ላኪልኝ» ይላል።

«ምን ብዬ ልጻፍልዎ?»

«ኡማ በይው። አገሩ ሁሉ አያት አለው፣ ይገባዋል።»

ይኸው ዛሬ ከመመሪያው ሥር ተጽፌአለሁ። በማላነበው ፊደል። ከላይዬ ያሉት ስሞች አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ጫፋቸው የተቆራረጠ ነው። እጆቼን ከሥሬ አድርጌ ነው የማያቸው።

በዚያ ሐሙስ ማግስት፣ ጁምዓ፣ ራሒማ ሻንጣውን አራግፋ፣ ልብሷን መልሳ ሰቅላ፣ ባዶውን ቁምሳጥኑ ላይ ወረወረችው። በጎኑ ወደቀ። ግማሹ አየር ላይ፣ የተሰበረው ጎማው ወደ ጣራ፣ እጀታው ወደ እኔ። እንዲህ ጠማማ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም። እጄ ምን እንዳደረገኝ አትጠይቁኝ።

ራሒማ አየችኝና ሳቀች። «ኡማ፣ ላቅናልዎ?»

«ተይው!» አልኳት። «ቦታው ነው።»